መኪናዋ ያልረሳችው በር

ማሪቱ ባዘዘው እንጅባራ ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ዳር ያለውን የአቶ በዛብህን ግቢ አሥራ አንድ ዓመት ጠብቃለች። ሥራው መጀመሪያ የባሏ ነበር። ባሏ ሲሞትባት፣ የአርባው ተዝካር በወጣ ማግስት የሱን ካፖርት ደርባ በሩ ላይ ቆመች። አቶ በዛብህ ከቤት ሲወጡ አዩዋት።

«ሴት ዘበኛ ደግሞ የት አገር አየሽ?» አሏት።

«ይኸው እያዩኝ አይደል?» አለቻቸው።

ሰውየው ሳቁና መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሷም በዚያው ቀረች።

አጭር ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ አረማመዷ የቸኮለ። የተወለደችው ከከተማው ወጣ ባለች የአገው መንደር ስለሆነ ስትቆጣ የሚቀናት አገውኛ ነው። በጣም ስትቆጣ ግን የምትቆጣው ሰው አንድም ቃል እንዳያመልጠው ብላ ወደ አማርኛ ትመለሳለች። ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ማሪቱ በአገውኛ ስትጮህ ሰው ይስቃል፤ አማርኛ ስትጀምር ግን ሁሉም ሥራው ትዝ ይለዋል።

ግቢው የእርሻ መሣሪያና የውሃ ፓምፕ መሸጫ ነበር። ከበሩ እንደገቡ በስተቀኝ መጋዘኑ፣ በስተግራ የማሪቱ የቆርቆሮ ጎጆ፣ ከኋላ ደግሞ የአቶ በዛብህ መኖሪያ ቤት አለ። በሩ ድሮ ባለሁለት ተካፋች ብረት ነበር። ሰንሰለትና ጓጉንቸር ነበረው። መክፈቻው በማሪቱ አንገት ላይ ይንጠለጠላል፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብትጠየቅ የምትመልሰው እሷ ነበረች።

በ2006 ዓ.ም. አቶ በዛብህ ከአዲስ አበባ አንዲት ነጭ መኪና ገዝተው መጡ። ባሕር ማዶ ስትነዳ የኖረች ብትሆንም ለእንጅባራ አዲስ ነበረች። ከሾፌሩ ራስ በላይ፣ ከመስተዋቱ አጠገብ፣ በጣት የሚነኩ ሦስት ትንንሽ መጫኛዎች ነበሯት። ምን እንደሚሠሩ የሚያውቅ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሰውየው የቀድሞውን በር አስነቅለው በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት፣ በሞተር የሚሠራ በር አስተከሉ። ከባሕር ዳር የመጣው ባለሙያ ሁለት ሪሞት አስረከባቸው። አንዱን እሳቸው ኪሳቸው ከተቱት፣ ሌላው በማሪቱ ጎጆ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቀለ።

ባለሙያው ሊሄድ ሲል ዓይኑ መኪናዋ ላይ አረፈ። «ይቺ እኮ ሪሞት ራሷ ውስጥ አላት» አለ። ገብቶ ተቀመጠና ሪሞቱን ወደ መጫኛዎቹ አስጠግቶ እሱንና መካከለኛውን መጫኛ አንድ ላይ ጫን አደረገ። አንዲት ትንሽ መብራት ተርገበገበች። «ተማረች። ከእንግዲህ ሪሞቱን ቤት ቢረሱትም ግድ የለም።»

አቶ በዛብህ ደስታቸው ወሰን አጣ። ከጫግኒ ነጋዴ በመጣ ቁጥር በመኪናዋ ይዘውት ይወጡና ሲመለሱ፣ በሩ ገና በሩቁ ወለል ብሎ ሲከፈት የሰውየውን ፊት ያያሉ። ሰንሰለቱና ጓጉንቸሩ ተነሱ።

«ሰንሰለቱስ ቢቆይ ምን ይጎዳል?» አለች ማሪቱ።

«ይሄ በር ከሰንሰለት ይበልጣል።»

«እኔ የማላውቀው ሰው ሲከፍተው በምን አውቃለሁ?»

«ያለሪሞት ማን ይከፍተዋል?» አሉና አለፉ። ቀስ በቀስ መጋዘኑን ራሱን ቀን ቀን መቆለፍ ተዉ። በሩ አለ አይደል!

መኪናዋን አንዳንዴ ሽባባው የሚባል ሾፌር ይነዳላቸው ነበር። ሁለት ዓመት ከሠራ በኋላ ተጣልቶ ወጣ። በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ደግሞ አቶ በዛብህ ነጯን መኪና ዳንግላ ላለ ሰው ሸጠው ፒካፕ ገዙ። ከመሸጧ በፊት ማሪቱ ራሷ ናት ያጠበቻት። ከመስተዋቱ የተንጠለጠለውን የጊዮርጊስ ሥዕል ፈትታ፣ የወንበር ልብሱን ገፍፋ አውጥታ ለጌታዋ አስረከበች። ሦስቱን መጫኛዎች ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ጥር ሃያ ሦስት ደረሰ። በዚያ ቀን የአዊ ፈረሰኛ ሁሉ ፈረሱን አጊጦ እንጅባራ ሜዳ ላይ ይወጣል። ከተማው ቤቱን ዘግቶ ወደ ሜዳው ጎረፈ፤ አቶ በዛብህም ከነቤተሰባቸው ሄዱ። ማሪቱ ብቻ ቀረች። ከቀትር በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ከቤቱ ጀርባ የታጠቡ ጆንያዎች ስታሰጣ ቆየች። ከሜዳው የድምፅ ማጉያው ጩኸትና የሕዝቡ እልልታ ይሰማታል። የበሩ ሞተር ድሮም ድምፁ ከድመት ኮቴ አይበልጥም።

ስትመለስ በሩ እንደተዘጋ ነው። የመጋዘኑ መዝጊያ ግን ገርበብ ብሏል። ከግድግዳው ጥግ ተደርድረው ከነበሩት አዳዲስ ፓምፖች አምስቱ ከነካርቶናቸው የሉም።

ጮኸች። ከጎረቤት የሚደርስላት ሰው አልነበረም። ሪሞቱ ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ስልኳን አንስታ ለአቶ በዛብህ ራሷ ደወለች።

ፖሊስ መጥቶ አየ፣ ጠየቀ፣ ጽፎ ሄደ። የተሰበረ ነገር የለም። አጥሩ አልተዘለለም፤ ካርቶን ተሸክሞ የሚዘለልም አጥር አይደለም። የአቶ በዛብህ ሪሞት ሜዳው ላይ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። የቀረው የማሪቱ ሪሞት ነው።

«አንቺ ካልከፈትሽው ማን ከፈተው?» አሏት አቶ በዛብህ።

«አላውቅም። እኔ ግን አልከፈትኩም።»

«ግማሽ ሰዓት ጓሮ ነበርኩ ትያለሽ።»

«ነበርኩ። እሱን አልደብቅም፤ ስህተቴ እሱ ነው። ሌብነት ግን የኔ አይደለም።»

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የበላያቸው ጋሽ አዝመራው የሚባሉ፣ ዕድሜ የጠገቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። የመጡት ለማስታረቅ ነው። አቶ በዛብህ ለሟች ባሏ ሲሉ ክስ አይመሠርቱም፤ እሷ ደግሞ ጥፋቷን አምና እግራቸው ላይ ትወድቃለች። ነገሩ በዚያው ያበቃል።

ወንድሟ ስማቸው ከጥሊሊ ድረስ መጥቶ አጠገቧ ቆሟል። «እህቴ፣ ጎንበስ በይና እንገላገል። አንዲት ቃል ናት» አለ በጆሮዋ።

ማሪቱ ብድግ አለች። «ጋሽ አዝመራው፣ ሌላ ነገር ቢያዙኝ እሺ እላለሁ። ይቅርታ የምጠይቀው ግን ምን አድርጌ ነው? ዛሬ እዚህ ጎንበስ ካልኩ ነገ ልጄ ምሥራቅ ገበያ ስትወጣ የሌባ ልጅ ናት። ይክሰሱኝ! ዳኛ ፊት እቆማለሁ። እግራቸው ላይ ግን አልወድቅም።»

ይህን ሁሉ የተናገረችው በአማርኛ ነበር።

አቶ በዛብህ ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዲያውስ ከግቢዬ ውጪ» አሉ።

ወጣች። ሩቅ ግን አልሄደችም። በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ትይዩ፣ ከአስፋልቱ ማዶ፣ ካፖርቷን ደርባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ተገኘች። የተቀቀለ ድንች በሰፌድ ዘርግታ ትሸጣለች፤ ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው። በማግስቱም እንዲሁ። ባጃጆች ሲያልፉ «እማማ፣ ዛሬም አልገባሽም?» እያሉ ይቀልዱባታል። አቶ በዛብህ አንድ ቀን ፒካፑን አቁመው መስኮት ዝቅ አደረጉ።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«መንገዱ የመንግሥት ነው።»

«ሰው ይስቅብሻል።»

«ይሳቅ። ሌባው እስኪገኝ እዚህ ነኝ።»

የተቀመጠችው ለእልህ ብቻ አልነበረም። በሩን ማን ማን ከፍቶት እንደሚያውቅ ከተተከለበት ቀን ጀምራ እያስታወሰች ነበር። እሳቸው በሪሞታቸው፤ እሷ በሷ። መብራት ሲሄድ ደግሞ ከውስጥ በእጅ ይገፋል። በአራተኛው ቀን፣ ለአንድ የሚኒባስ ረዳት ድንች ስትሰጥ፣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ክረምቱ! ባለፈው ዝናባማ ሐምሌ፣ ነጯ መኪና ሳትሸጥ፣ የአቶ በዛብህ ሪሞት ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ሲፈለግ ነበር። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሰውየው በራሳቸው ጊዜ ሲገቡና ሲወጡ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ጥሩምባ ነፍተው አላስቸገሯትም። በሩን ስትከፍትላቸው የነበረችው ነጯ መኪና ናት። ያለምንም ሪሞት።

ሰፌዱን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ወደ ዳንግላ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች።

ዳንግላ ውስጥ ኪዳኑ የሚባል የመኪና ኤሌክትሪሽያን ታውቃለች፤ ነጯን መኪና ሁለት ጊዜ መጥቶ ጠግኗታል። ከአንድ የጭነት መኪና ሞተር ላይ ጎንበስ ብሎ አገኘችው።

«ልጄ፣ ያቺ የኛ ነጭ መኪና፣ ላይዋ ላይ ያሉት ሦስቱ መጫኛዎች... ብትሸጥም በሩን ያስታውሱታል?»

ኪዳኑ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አሰበ። «ማን አጠፋቸው?»

«ማንም።»

«እንግዲያውስ ያስታውሱታል፣ እማማ። ሪሞቱ ለበሩ የሚልከውን ምልክት ቀድታ ይዛዋለች። ሪሞቱ ቢጠፋ፣ ቢሰበር፣ ባትሪው ቢያልቅ እሷን አይቸግራትም። እሷ ራሷ ሌላ ሪሞት ሆናለች ማለት ነው።»

«መኪና ሲሸጥ አይጠፋም?»

«በራሱ አይጠፋም። ሰው ሲሸጥ ሊብሬውን ያስተላልፋል፣ ቁልፉን ይሰጣል፣ በቃ። ዳርና ዳር ያሉትን ሁለቱን አንድ ላይ ተጭኖ መብራቷ እስክትርገበገብ መያዝ ነው፤ ግማሽ ደቂቃ ነው ሥራው። ግን ማን ትዝ ይለዋል?»

«ስለዚህ አሁን መኪናዋን የያዘ ሁሉ...»

«የገዛት፣ የተከራያት፣ የሚያጥባት ሳይቀር። እበሩ ድረስ ሄዶ መጫን ነው። በሩ ማን እንደጫነው አይጠይቅም፣ እማማ።»

መኪናዋን የገዛው ውዱ የሚባል፣ ለሠርግና ለእንግዳ መኪና የሚያከራይ ሰው ነበር። ኪዳኑ ቤቱን አሳያት። ውዱ ነገሩን ገና ግማሹን እንደሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

«እማማ፣ እኔ እንጅባራ ሄጄ በር ብከፍት ሌባው አንተ ነህ አይሉኝም?»

«ሊሉህ ይችላሉ።»

«ታዲያ ለምን እመጣለሁ?»

«እኔንም እያሉኝ ነው፤ ይኸው ቆሜያለሁ።»

አልመጣም አለ። ማሪቱ ተመለሰች። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ሄደች፤ ውዱ የለም አሏት። በሦስተኛው ጊዜ ገና በጠዋት ደርሳ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ውዱ ከቤት ሲወጣ ራሱን ነቀነቀ።

«የኔንም በር ልትጠብቂው ነው?»

«አንተ ዝም ባልክ ቁጥር መኪናህ ሌላ ቤት ታስዘርፋለች» አለችው። «ያን ቀን መኪናህን ማን እንደያዛት ታውቃለህ። እኔ ስሙን አልጠይቅህም። ሽማግሌዎቹ ፊት መጥተህ መጫኛውን ተጫን፤ ሌላውን እነሱ ይጠይቁሃል።»

ሰውየው የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መልሶ ከተተው። ከዚያ «ቅዳሜ» አላት።

ጋሽ አዝመራውን ማሳመን አላስቸገራትም። «አንድ ጊዜ ሰምተውኛል፣ አሁን ደግሞ በዓይንዎ ይዩ» አለቻቸው። ያስቸገሩት አቶ በዛብህ ነበሩ።

«መኪና በር ይሰርቃል እንዴ? ያ ነገር ከመኪናዋ ጋር ተሸጦ ሄዷል!»

«እሱን ነው እኔም የምለው» አለች ማሪቱ። «በርዎን አብረው ሸጠውታል።»

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ግቢው ውስጥ ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ማሪቱ ሁለቱም ሪሞቶች ለጋሽ አዝመራው እንዲሰጡ ጠየቀች። ያም አልበቃትም፤ ባትሪያቸውን አስወጣች። ኪዳኑም ሥራውን ትቶ መጥቷል። ወሬው ተሰምቶ ኖሮ ከአስፋልቱ ዳር ሰው ተኮልኩሏል፤ ባጃጆቹም ቆመዋል።

ነጯ መኪና ከዳንግላ በኩል መጥታ በሩ ፊት ቆመች። ውዱ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ የመጀመሪያውን ተጫነ። በሩ ዝም። ሁለተኛውን ተጫነ። ዝም። ሦስተኛውንም ተጫነ።

በሩ ንቅንቅ አላለም።

ከውጭ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አቶ በዛብህ ከወንበራቸው ተነሡ። «ጋሽ አዝመራው፣ ጊዜያችንን አባከነችብን። በቃ።»

ማሪቱ ጆሮዋን አቀናች። የጎረቤቱ ወፍጮ ጠዋት ሙሉ ሲያጓራ ነበር፤ አሁን ጸጥ ብሏል። ቀና ብላ የጎጆዋን አምፖል አየች። ጠፍቷል።

«መብራት ሄዷል» አለች።

«ምክንያት አታጪም!»

«መብራት ከሌለ በሩ በሪሞትም አይከፈትም፤ እርስዎም ያውቃሉ።» ሄደችና ከሽማግሌዎቹ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እስኪመጣ እቀመጣለሁ። የምትሄዱ ሂዱ። ጋሽ አዝመራው ግን ከሄዱ ቤትዎ ድረስ እከተልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ሌላ ምን ሥራ አለኝ» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ።

አንድ ሰዓት አለፈ። ፀሐዩ ከረረ። ከጥሊሊ የመጣው ወንድሟ ስማቸው «እንሂድ» ሊላት ከጅሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። ውዱ መኪናው ውስጥ ያልበዋል። ከውጭ የቆመው ሰው እየሳሳ ሄደ። ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጎረቤት ያለው ወፍጮ በድንገት አጓራ።

ማሪቱ አልተነሣችም። «ተጫን!» ብላ ብቻ ወደ በሩ ማዶ ጮኸች።

ውዱ የመጀመሪያውን ተጫነ። ዝም። ሁለተኛውን ተጫነ። በሩ አንድ ጊዜ ነቀነቀና ያለምንም ድምፅ፣ ቀስ እያለ፣ በሐዲዱ ላይ ተንሸራቶ ወለል አለ።

ከውጭ የቀረው ሰው ወደ በሩ ተጠጋ። ጋሽ አዝመራው በመዳፋቸው ላይ ያሉትን ሁለት የሞቱ ሪሞቶች አዩ፤ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ አቶ በዛብህን።

«ዝጋውና ድገመው» አሉ።

ተዘጋ። ደግሞም ተከፈተ።

«ልጄ፣ ጥር ሃያ ሦስት ይቺን መኪና ማን ይዟት ነበር?»

ውዱ ከመኪናው ወርዶ ራሱን ዝቅ አደረገ። «ሽባባው፤ እዚህ ቤት ሾፌር የነበረው። ለፈረሱ በዓል እንግዳ ላመላልስ ብሎ ከኔ ተከራያት። ኋላ ስለስርቆቱ ስሰማ ጠርጥሬ ነበር፤ ፈራሁ።»

ከዚያ ወዲያ ያለው የፖሊስ ሥራ ነበር። ሦስቱ ፓምፖች ጫግኒ፣ ከሽባባው ዘመዶች ቤት ተገኙ፤ ሁለቱ ተሸጠው ነበር። ሽባባው መጀመሪያ ካደ፣ ኋላ አመነ። ኪዳኑ በዚያው ቅዳሜ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ዳርና ዳሩን ተጭኖ መብራቷ እስክትርገበገብ ያዘ። ውዱ ቢሞክረው በሩ እምቢ አለ።

አቶ በዛብህ ማሪቱን ጎጆዋ በር ላይ ለብቻዋ አገኟት። «ያለፈው አልፏል። ነገ ሥራሽን ጀምሪ» አሉ።

አሥራ አንድ ዓመት እርስዎ ስትላቸው ኖራለች።

«ሌባ ያልከኝ ሰው ፊት ነው፤ አልሰረቀችም የምትለውም ሰው ፊት ነው» አለችው።

አቶ በዛብህ ክው አሉ። ቃሉን ሰምተው እንዳልሰሙ ለመሆን ቢሞክሩም አልሆነላቸውም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተሰበሰቡ፤ በሩ ተከፍቶ መንገደኛው ሁሉ ያያል። ሰውየው ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ማሪቱ አልሰረቀችም። በሩን ለሌባ ያስረከብኩት እኔ ነኝ። በድያታለሁ» አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። ማሪቱ «አልተሰማም» ልትል አስባ የጋሽ አዝመራውን ዓይን አይታ ተወችው።

ሥራዋ ተመለሰላት። ሰንሰለቱም ከነጓጉንቸሩ ተመልሶ ገባ፤ መጋዘኑም ቀን ቀን ይቆለፍ ጀመር። ሰፈሩ ሁሉ ነገሩ በዚህ አበቃ ብሎ ነበር። ማሪቱ ግን ልክ አንድ ወር ከሠራች በኋላ ሪሞቱን ከምስማሩ አውርዳ ለአቶ በዛብህ ሰጠቻቸው።

«ምን ጎደለብሽ?» አሏት ተገርመው።

«ምንም አልጎደለብኝም። ተባረረች እንዳይባል ነው የተመለስኩት። አሁን ግን ራሴ ፈልጌ ነው የምሄደው።»

ካፖርቷን ደርባ በተከፈተው በር ወጣች። ልጇ ምሥራቅ ጥሊሊ ላይ ትንሽ የልብስ ስፌት ሱቅ ከፍታለች፤ ሁለተኛ የስፌት መኪና ገዝታ የምትረዳት ሰው ስትፈልግ ነበር። ማሪቱ መስፋት አትችልም። እማራለሁ አለች፣ በሃምሳ አራት ዓመቷ። ሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ከኋላ እንድትቀመጥ ቢነግራት፣ አይሆንም፣ መንገዱን እያየሁ ነው የምሄደው ብላ ከሾፌሩ ጎን ገባች።